የሎሚው ጉንዳኖች የማን ናቸው?

አከራዬ ጋሼ ሣህሌ በግንቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው ጮኹብኝ። ጉንዳን ከሎሚዬ እየተነሳ ጓዳቸው ገብቶ ስኳራቸውን ወሮታል።

«እስከ ዓርብ ወይ መርዝ አስረጪ፣ ወይ እቆርጠዋለሁ! በግቢዬ የበቀለ ዛፍ የኔ ነው።»

«መርዝ አላስረጭም» አልኳቸው። «አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያርፍ ሾፌር ሁሉ እኔ ጋ ሻይ የሚጠጣው በዚህ ሎሚ ነው። ሰው ልፍጅልዎት?»

«እንግዲያው መጋዝ አለኝ።»

ሎሚውን የተከለው ባሌ ከድሩ ነው። አላህ ይርሐመውና የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ ችግኙን ከወሎ በመኪናው ጋቢና ውስጥ አቅፎ አመጣው። በዚህ ሙቀት አይጸድቅም ያላለ ሰው አልነበረም። ጸደቀ። አሁን ለጉንዳን ብዬ ላስቆርጠው? እኔ በቁሜ? አይደረግም!

ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ክሽክሽ ወርሮታል። ጉንዳኑ የመጣው ለዚህ ነው፤ ይቺ ቅጠል መጣጭ ተባይ የምታወጣውን ጣፋጭ ይልሳል። በሳሙና ውሃ ቅጠል በቅጠል አጠብኩት። ቀጥዬ ከድሩ ከሞተ ወዲህ ያልከፈትኳትን የመኪና ግራሶ ጣሳ አወጣሁ። ጉንዳን ግራሶ አይሻገርም። ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ጨርቁን በግራሶው ለወስኩት። እጄ የከድሩን እጅ ሸተተ። አለቀስኩ፤ መለወሴን ግን አላቆምኩም።

በማግስቱ ጉንዳኑ ሎሚው ላይ ሞልቷል! ግራሶው ላይ አንድም የለም። ታዲያ በየት ወጣ? ተናድጄ ሰልፉን በዓይኔ ተከተልኩ። በቅርንጫፍ ሄዶ፣ ግንቡን ተሻግሮ፣ ወደ ጋሼ ሣህሌ በረንዳ ወረደ። በርጩማ ላይ ወጥቼ አየሁ። ጉድጓዱ እርሳቸው ደረጃ ሥር ነው። ለካ ከኔ ሌላም ተከራይ አላቸው!

ግንቡን የነካውን ያንን አንድ ቅርንጫፍ ራሴ ቆረጥኩት። የቀረውን ክሽክሽ ከነጉንዳኑ ደግሜ አጠብኩ።

ዓርብ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። ሎሚውን ዞሩት፤ አንድም ጉንዳን አላገኙም። በርጩማዬን አቀረብኩላቸው።

«ይውጡና ደረጃዎን ይመልከቱ።»

ወጡ፤ አዩ፤ ወረዱ።

«ስኳርዎን ውሃ ያለበት ሳህን መሃል ያስቀምጡት» አልኳቸው። «መርዝ ግን በዚያም በኩል አይረጭም።»

መጋዙን መሬት አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግራሶ ተርፎሻል?»

«ተርፎኛል። መጀመሪያ ግን ይህ ሎሚ የማን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ዛፉን ቀና ብለው አዩት።

«የከድሩ» አሉ።

ጣሳውን ሰጠኋቸው።