ውሃው የመጣ ዕለት

ለይላ አርባዋ ሳይሞላ፣ ስታርሳት የነበረችው እናቷ የዘመድ መርዶ ደርሷት ወደ እንፍራንዝ ወረደች። ባሏ ዐብዱረሕማን የገበያ ቀን ስለሆነበት የጨርቅ ሱቁን መዝጋት አልቻለም። ለይላ ከጨቅላ ልጇ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ረፋድ ላይ፣ ደርቆ የሰነበተው የግቢው ቧንቧ ድንገት አጓራ። ጎንደር ላይ ውሃ ሲመጣ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆያል፤ ያልቀዳ ሰው መቼ እንደሚመለስለት አያውቅም። ለይላ ልጁን አልጋ ላይ አስተኝታ ጀሪካኖቿን አንጠልጥላ ወጣች።

ወዲያው እሪ አለ። ተመልሳ ጡት ሰጠችው፤ ተፋው። እሹሩሩ ብትለው ባሰበት።

“ምነው ልጄ? ጠግበሃል፣ ጨርቅህም ደረቅ ነው፣ ምን ላድርግህ?”

በመስኮት ስታይ ውሃው እየቀጠነ ነው። ትዕግሥቷ አለቀ። “እንግዲህ አልቅስ!” ብላ አልጋው ላይ መለሰችውና በሩን ግጥም አድርጋ ዘጋችበት።

ጀሪካኖቹን ሞላች፤ በርሜሉን ሞላች። ጩኸቱ በሩን አልፎ ይሰማት ነበር። ቀጥላ የሽንት ጨርቆቹን ማጠብ ጀመረች። ጨርቆቹ ለነገ መቆየት ይችሉ ነበር፤ እሷ ግን መግባት አልፈለገችም።

ስትገባ የልጁ ድምፅ ሰልሏል። ላብ በላብ ስለሆነ ልብሱን ልትቀይር ካልሲውን ሳብ ስታደርገው ጮኸ። ትንሿ የእግሩ ጣት አብጣ ጠቁራለች። ሥሯ ላይ አንድ ፀጉር ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ሰርጓል። ሂና የነካው ረጅም ፀጉር፤ የራሷ ፀጉር።

“እትዬ ጽጌሬዳ! ድረሱልኝ!”

ጎረቤቷ እየሮጡ መጡ። እግሩን ያዙላት፤ ፀጉሩ ግን በጣም ስለጠለቀ የለይላ መቀስ አልደርስበት አለ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ነርሷ ፀጉሩን በጥንቃቄ ቆርጣ አወጣችው፤ የልጁ ጣትም ቀስ በቀስ ደም ዞሮባት ቀላች።

“አይዞሽ፣ ይድናል። ሸጋ እናት ነሽ፤ በጊዜ አየሽው” አለቻት።

ለይላ አንገቷን ደፋች። እትዬ ጽጌሬዳ “ተመስገን በይ እንጂ” ቢሏትም ልጁን አቅፋ ተነሣች።

አመሻሽ ላይ ዐብዱረሕማን መጥቶ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አየ።

“ማሻአላህ! ይህን ሁሉ ብቻሽን ቀዳሽው?”

“በር ዘግቼበት ነው የቀዳሁት” አለችና አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ዐብዱረሕማን የልጁን እግር አንሥቶ ያበጠችውን ጣት አየ። “አላወቅሽማ፣ ለይላ። አውቀሽ ቢሆን ትተይው ነበር?” አላት።

“አልተወውም ነበር። ግን ማወቅም አልፈለግሁም።”

እሱ ልጁን አቅፎ ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ፣ ለይላ የሕፃኑን ልብስ ሁሉ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ፣ እያንዳንዱን ካልሲ እየገለበጠች ፀጉር ትፈልግ ጀመር።