«ሂር»ና «ሊስን»፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ቲቸር «ሂር»ና «ሊስን» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ለዛሬ የመረጠችው ተንኮል አስባ ነው። ልዩነታቸውን ለማስረዳት ሰዓቱን ሙሉ ራሷ ታወራለች፤ ራሷ ካወራች ደግሞ የሚጠይቃት አይኖርም። ጆሮዋ ከከዳት ዓመት አልፎታል። ይህን የሚያውቁት እሷና እህቷ ብቻ ናቸው፤ እህቷም «ከታወቀብሽ መጋዘን ገብተሽ መጻሕፍት ስትደረድሪ ታረጂያለሽ» ብላታለች። ሟርተኛ።

አስተማሪዎችን የሚገመግመው ሱፐርቫይዘር ዛሬ መጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻውን ዘርግቷል። ፂሙ አፉን ሸፍኖታል። ከንፈር እያነበበ ለሚኖር ሰው ከዚህ የባሰ ምን ይምጣ?

ተማሪዎቿ፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ሾፌሮቹም፣ ነርሷም፣ እንደ ወትሮው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። እጅ ሳያወጣ የሚናገር የለም፤ ሁለት ሰው ባንዴ አያወራም፤ ቃሉንም ረገጥ አድርገው ነው የሚናገሩት። በዚህ ሥርዓታቸው ስትኮራ ነው የከረመችው።

«ሂር ሳትፈልጉት የሚመጣ ነው» አለች። «ዝናብ ጣራውን ሲመታ፣ ጎረቤት ሲጣላ። መስማት ነው። ሊስን ግን ፈልጋችሁ፣ ልብ ሰጥታችሁ ነው። ሊስን ቱ ሚ ይባላል፤ ሂር ቱ ሚ ብሎ ነገር የለም።»

ዞራ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ፊቷን ስትመልስ ሁሉም ወደ ኋላ እያዩ ነው። የፈሩት ይደርሳል። ሰውዬው ጠይቋት እሷ ዝም ብላዋለች። ምን ብሎ ይሆን?

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። አፏን ከፈት፣ ንግግሯን ቀስ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ሊስን ያለ ሂር ይቻላል ወይ ነው የሚሉት፤ ሳይሰሙ ማዳመጥ» አለቻት።

ያን ጊዜ ገባት። ዓይን ዓይኗን ማየታቸው፣ ተራ መጠበቃቸው፣ ቃል መርገጣቸው፤ ለካ ሁሉም አውቀው፣ ተመካክረው ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አፈረች፤ እንባዋም መጣ።

«አይቻልም» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ዓመት ሙሉ የዋሸ ምላስ አንዲት ቃል አታቅተውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ገና ፊቷ እንደቆመች ነው።

«ይቻላል» አለች ወደ ኋላ ወንበር እያየች። «እኔ አልሰማም። ዓመት ሆነኝ። እነሱን ግን አዳምጣቸዋለሁ።»

ሱፐርቫይዘሩ አቀርቅሮ ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ምን እንደጻፈ ከእሷ ቦታ አይታይም። ወደ ሰሌዳው ተመለሰች፤ ሌላ ምን ታድርግ፣ ትምህርቱ ገና አላለቀም።

ቆይታ በመስኮቱ ብታይ የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ቦርሳቸውን አንግተው እየወጡ ነው። ደወሉ ተደውሏል ማለት ነው። ከእሷ ክፍል ግን አንድም ሰው አልተነሳም፤ ሱፐርቫይዘሩም።