እስኪደርቅ አይነካም

ጉዱ የመጣው አያትየው ዓሣውን ብርድ እንዳይመታው ብለው ነው። የልጅ ልጃቸው ሚጢ በትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝታለች፤ እናቷም ከአልጋዋ ሥር ንቅንቅ አላለችም። ልጅቱ በሕመም ተጣጥፋ ስትወሰድ እንኳ «አያቴ፣ አለቃን አደራ!» ብላ ነበር የወጣችው። አለቃ ማለት ጉንጩን ነፍቶ ቤተሰቡን ሁሉ የሚገላምጠው ቀይ ዓሣዋ ነው። አደራ የተባሉት አያት ታዲያ ሰኞ ጠዋት፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል ብለው፣ የዓሣውን የመስታወት ቤት፣ አኳሪየሙን፣ ከነውሃው ወደ ጥግ ሊገፉት ሲታገሉ የሥሩ መስታወት ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ። አለቃን በጭልፋ ጨልፈው ባልዲ ውስጥ ጨመሩት።

ሚጢ የምትወጣው ቅዳሜ ነው። ዓሣዋን ባልዲ ውስጥ ካየች ታለቅሳለች። ካለቀሰች ደግሞ ስፌቱ ይተረተራል። አያትየው ሲያውጠነጥኑ ውለው እዚህ ላይ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው!

በዚያው ቀን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ፣ ከተሰበረው ጋር እኩያ የሆነ ያገለገለ አኳሪየም አገኙ።

«ያፈሳል እንዴ?»

«ኧረ እማማ! ጠብ አትልም።»

እውነቱን ነው። ቤት አምጥተው ቢሞሉት ጠብ አላለችም፤ ተንዠቀዠቀች እንጂ።

ጎረቤታቸው መስታወት ሠሪው ተጠራ። ነገሩን ሁሉ ሳይለካ ስለማይናገር ሰፈሩ ሚሊሜትር ይለዋል። መጥቶ ቁጢጥ አለና መስታወቶቹን ያጣበቀውን አሮጌ ሲሊኮን ከየማዕዘኑ በምላጭ ይፍቅ ጀመር።

«ይሄኛው እኮ ደህና ነው፤ ምን አድርጎህ ትልጠዋለህ?»

«አዲስ ሲሊኮን አሮጌው ላይ አይዝም፣ እማማ።»

«እኔን ነው?»

«ኧረ ሲሊኮኑን ነው!»

«ዓሣውንስ አይመርዘውም?»

«የሚመርዘው የመታጠቢያ ቤቱ ሲሊኮን ነው፤ እሱ የሻጋታ መድኃኒት አለበት። ይሄ የዓሣ ነው።»

መስታወቱን በአልኮል ወልውሎ፣ በየጠርዙ ፕላስተር ለጥፎ፣ ሲሊኮኑን እየጨመቀ ሳያቋርጥ አሰመረና በጣቱ አለሰለሰው። ቤቱ አቼቶ አቼቶ ሸተተ።

«እስከ ረቡዕ አጠገቡ ድርሽ እንዳይሉ። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ነው።»

«ምን በወጣኝ!»

አያትየው ግን ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ሆነ ሥራቸው። ባልዲውን ያያሉ፤ አለቃ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚከሳቸው ይመስላቸዋል። ውሃውን ይቀይሩለታል። በረደው ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ታፈነ ብለው ይከፍታሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አኳሪየሙ ላይ ጎንበስ ይላሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ላይ አላስችል አላቸው። አንዴ ብቻ፣ በአውራ ጣት፣ ጥጉ ላይ። ጣታቸው ትንሽ ጠለቅ አለ። በቀሚሳቸው ጠረጉና ማንም ሳይጠይቃቸው ለአለቃ «ደርቋል» አሉት።

ረቡዕ ሚሊሜትር ጋዜጣ አንጥፎ፣ አኳሪየሙን በላዩ አስቀምጦ ውሃ ሞላው። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት። ከአንዱ ጥግ ሥር ጋዜጣው ጠቆር አለ። ሰውዬው ተንበርክኮ በባትሪ አበራበት።

«እማማ፣ ነክተውታል?»

«እጄን ይቁረጠው!»

«ሙሉ እጅ እንኳ አያስፈልግም፤ አውራ ጣት ይበቃል። አሻራዎ ይኸው ቁጭ ብሏል።»

አያትየው የሚገቡበት ጠፋቸው። «ጥጓን ብቻ ብትለጥፋት?»

«አይዝም አልኩዎት እኮ!» ብሎ ውሃውን ገልብጦ፣ አድርቆ፣ ሁሉንም ከእንደገና ፋቀው። አስምሮ ሲጨርስ እጁን ዘረጋ። «የቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ። ለዓርብ ይደርሳል፤ እርስዎ እዚህ ከሌሉ።»

ቁልፉንና የባልዲውን አደራ ሰጥተው ሆስፒታል ሄዱ። ሚጢ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አለቃስ?»

«አለ። ይበላል፣ ይገላምጣል።»

ዓይናቸው ሆዷ ላይ ካለው ፋሻ አረፈ። ጫፉ የተነሣ መሰላቸው። እጃቸው ሳይታዘዝ ሄደ።

«አያቴ፣ አትንኪው! ሲስተር እስኪደርቅ አይነካም ብላለች።»

አያትየው ክው አሉ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። እጅ ሲታሰር ምላስ ይፈታል መሰል፣ ነፋሱን፣ ስንጥቁን፣ ባልዲውን፣ አውራ ጣቱን፣ ሁሉንም ዘረገፉት። የልጅቱ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። በቃ፣ አለቀልን፤ ስፌቱ ሄደ፣ አሉ በልባቸው።

ሚጢ ግን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሳቅ ትንከተከታለች።

«በአሻራ ያዘሽ? እንደ ሌባ? ወይኔ አያቴ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል!»

«አትሳቂ! ስፌቱ! አንቺ ልጅ፣ ስፌቱ!» ባሉ ቁጥር ባሰባት።

ቅዳሜ ሚጢ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ አለቃ አዲሱን ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ ሁሉንም ሲገላምጥ አየችው። ከዓርብ ጀምሮ ውሃ ሞልቶ ያደረው አኳሪየም አሁንም ጋዜጣው ላይ ነው። አያትየው መወልወያ ይዘው፣ አቧራ የሚጠርጉ መስለው ጠጋ፣ ጠጋ አሉ። የጋዜጣውን ጫፍ ብቻ፣ ጫፏን ብቻ ሊዳስሱ ሲሉ፦

«አያቴ! እጅ!»

እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አጣመሩ። አንገታቸውን ብቻ አስግገው አዩት። ደረቅ ነው።