የሩቅ አንባቢዎቼ

መጀመሪያ የሰማሁት የጄኔሬተሩን ድምፅ ነው። ገና ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ፣ ቤቱ ሳይታየኝ፣ ሲያጓራ ሰማሁት። ዲላ መብራት ጠፍቷል፤ የሉሲ ኢንተርኔት ቤት ግን ክፍት ነው ማለት ነው። እፎይ አልኩ። ጋሽ ሙሐመድኑርን የቀጠርኳቸው እዚያ ነበር።

ጋሽ ሙሐመድኑር አልጋ ቤት አላቸው። ኮንጋና ኢዲዶ ድረስ ቡና ሊያዩ የሚያልፉ ፈረንጆች እሳቸው ዘንድ እንዲያድሩላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ብሎግ አለኝ። ስለ ጌዴኦ ቡና በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ መጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። "ሰው ጉግል ላይ ዲላ ብሎ ሲፈልግ የእርስዎ ቤት ከላይ እንዲመጣ አደርጋለሁ፤ ሥራዬ ይሄ ነው" ብያቸው ነበር። ሥራዬ ነው ስል ገና አንድም ደንበኛ አልነበረኝም። እሺ ካሉ የመጀመሪያው እሳቸው ይሆናሉ። እምቢ ካሉ ወንድሜ ተሾመ ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያው ጋ ቦታ ይዞልኛል። "ኮምፒውተር ላይ ዓይንህ ሳይጠፋ ና" ይለኛል በደወለ ቁጥር።

ልብ የሰጠኝ የጎብኚ ቆጣሪው ነው። ብሎጉ ግርጌ ያለችው ትንሽ ሳጥን ለወራት ተኝታ ኖራ፣ ጥቅምት ላይ ድንገት መሮጥ ጀመረች። ከሰው ጋር ብዙም አልውልም፤ ለእነዚያ አንባቢዎች ግን መልክ አውጥቼላቸው ነበር። አንዷ በረዶ አገር ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ስለ ኮንጋ ዝናብ ታነባለች። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ የማወራው ከእነሱ ጋር ነበር።

"ይሄ ወፍጮ ቤት ነው ኢንተርኔት ቤት?" አሉ ጋሽ ሙሐመድኑር ሲገቡ።

"ሁለቱም ነው ጋሼ፤ እህል ካመጡ እንፈጫለን" አለች የቤቱ ባለቤት ሉሲ ከባንኮኒው ኋላ።

ቆጣሪውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ያንተን ጽሑፍ ሊያይ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ማሻአላህ። እስቲ ለሱፍያን ልደውል፤ እሱ ይገባዋል።"

ሱፍያን አዲስ አበባ የሚኖር ልጃቸው ነው። ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ዲላ አልጋ ብሎ እንዲፈልግ አዘዙት። ጠበቅን።

"ሌሎች ሆቴሎች ናቸው የሚመጡት አባዬ።"

"ወደ ታች ውረድ" አልኩት።

"ወርጃለሁ ወንድሜ። መሬት ደርሻለሁ። የላችሁም። ቆጣሪው ጎብኚዎቹ ከየት እንደሆኑ አያሳይም?"

ያሳያል። ካርታ አለው። ለኔትወርኩ ስለሚከብድ ከፍቼው አላውቅም፤ ደግሞም አንባቢዎቼ ከየት እንደሆኑ እኔው ወስኜ ጨርሼ ነበር። ከፈትኩት። ዓለም ቀስ እያለች ከላይ ወደ ታች መጣች። በረዶው አገር ባዶ ነው። ሁሉም ባዶ ነው። አንድ ነጥብ ብቻ፣ ኢትዮጵያ ላይ። ከሥሩ ሁሉም ጎብኚዎች በአንድ የኢንተርኔት መስመር እንደገቡ ይገልጻል።

በዚሁ መሃል አጠገባችን አንድ ተማሪ ተቀምጦ ኢንተርኔት ከፈተ። ብቅ ያለው የእኔ ብሎግ ነው። ሳያየው ዘግቶ ፌስቡክ ገባ።

"ሉሲ፣ መክፈቻውን ገጽ ማን ቀየረው?"

"እኔ። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያንተን አደረግኩት፤ ሰው በከፈተ ቁጥር እንዲቆጥርልህ።" አንገቷን ቀና አደረገች። "ምነው? አዲስ ሱቅ ሲከፈት ጎረቤት ገብቶ ያሟሙቅ የለ? ባዶ ሱቅ ማን ይገባል? ይሄን ቤት ስከፍት ጎረቤቶቼ እነ ቆንጅት ማውስ መያዝ ሳያውቁ መጥተው ተደርድረው ተቀመጡልኝ እኮ። እነሱን አይቶ ነው ሰው የገባው።"

ጋሽ ሙሐመድኑር ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም።

"እውነቷን ነው። እኔም አልጋ ቤቱን ስከፍት መጀመሪያ ያደሩበት የአክስቶቼ ልጆች ናቸው። ሲያንኮራፉ መንገደኛ እየሰማ ገባ።" ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "አንተም እንግዳህ ሲመጣ ንገረኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን። ኢንሻአላህ።"

ስልካቸውን አንስተው ወጡ። እንግዳ እንደማይመጣ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የመንገዱ ሰው የአክስት ልጆች ማንኮራፋትን ይሰማል፤ የእኔን ሰዎች ግን ከዚህ ክፍል ውጭ የሚሰማቸው የለም።

ለተሾመ "እመጣለሁ" ብዬ መልእክት ላክሁ።

"የድሮውን ገጽ መልሺው" አልኳት ሉሲን።

"ምን ይጎዳሃል? ይቆይ።"

"መልሺው በቃ።"

ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየሄደች፣ በደንበኞቹ ትከሻ ላይ እየተንጠራራች መለሰችው። ጨርሳ ስትመጣ የቆጣሪው ቁጥር ቆሟል። ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። ያን ሁሉ ዝናብ፣ ያን ሁሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ለማን እንደጻፍኩት አሰብኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"አንቺስ? አንዱን እንኳ አንብበሽው ታውቂያለሽ?"

ሉሲ አየችኝ። "ሁሉንም" አለች። ከወንበሩ ላይ ሹራቧን አነሳች። አንድ ደንበኛ "ሂሳብ" ብሎ እጁን ዘረጋ፤ በአጠገቡ አለፈችው። ቤቱን ሰው እንደሞላው ትታ፣ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው ዳገት ሽቅብ ሄደች።