ደወሉ ሁለት ጊዜ የሚጮኽበት ዘፈን

«ዘፈን? በለቅሶ ቤት?» አለች አክስት፣ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ።

«በሆዴ ነው የምለው አክስቴ። ድምፅ አላወጣም።»

ልጅቱ የሰፈሩን አዋላጅ ብስክሌት ከአባቷ መሥሪያ ክፍል እየገፋች ወደ ሳሎን አምጥታዋለች። አዋላጇ ለቅሶ ደርሳ ልትሄድ ስትነሳ ነው፣ እያፈረች «ያቺ ብስክሌቴ እንዴት ሆነች? ወላዶቹ ጋ በእግሬ አልደርስ አልኩ» ያለችው። ብስክሌት ጠጋኙ አባት ጎማውን የሚያዞረውን ኩሽኔታ ቀይሮ፣ ጎማውን ገጥሞ ነበር የሞተው። የቀረው መፈተሽ ብቻ ነው። ያልተፈተሸ ብስክሌት ደግሞ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

አፈታተሹን ልንገራችሁ። አንዲት አሮጌ ቴፕ ነበረችው፤ የምታጫውተውም በብስክሌት ቁልቁለት ስለመውረድ የተዘፈነ፣ የድሮ፣ ደስ የሚል ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሲጀምር የፊት ጎማውን በመዳፉ አንዴ መታ ያደርገዋል። ዘፈኑ ውስጥ፣ አዝማቹ ላይ፣ የብስክሌት ደወል ሁለት ጊዜ ይጮኻል። ጎማው እስከዚያ ከዞረ ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ካልዞረ እንደገና ይፈታል። ደንበኞች «ኧረ ሰዓት ግዛ» ሲሉት «ሰዓት መች ይዘፍናል» ይላቸው ነበር።

ሚስቱ ዘፈኑን አትወደውም። «ጆሮዬን በላኸው እኮ» እንዳለችው ኖረች። ካሴቱ ሲበጠስ ተገላገልኩ ስትል፣ እሱ ራሱ ማንጎራጎር ጀመረ። ያ ደግሞ ባሰ።

አክስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቱ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ብስክሌቱን ገለበጠችና ጎማውን መታችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን አቁመው ያያሉ።

መሃል ላይ ከንፈሯ ቆመ።

«ጠፋብኝ» አለች። «እዚህ ጋ ሲደርስ ሁሌ ማንጎራጎሩን አቋርጦ ቁልፍ አቀብዪኝ ይለኛል። ግጥሙን ሰምቼው አላውቅም።»

ጎማው ይዞራል።

«ቁልቁለቱ ሲመጣ እግርሽን አንሺ» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። ከቀብር ወዲህ ቃል ያልወጣት እናት ነበረች። «ነፋሱ ይግፋሽ፣ ፔዳሉን እርሺ።» አላዜመችውም፤ እንደ ወሬ ነው ያለችው፣ አንድም ቃል ሳትስት። እያለችም መጣችና ከተገለበጠው ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ አለች። አዝማቹ ጋ ስትደርስ በአውራ ጣቷ ደወሉን ሁለት ጊዜ መታችው።

ጎማው ገና ይዞራል።

«ይሄዳል። ውሰጂው» አለቻት አዋላጇን።

አዋላጇ እጇን ወደ ብስክሌቱ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። እናት፣ ጣቷን ከደወሉ ሳታነሳ፣ ጎማው ራሱ እስኪቆም እየጠበቀች ነበር።