ዶክተሩ ያላሉት

«ኡን ፔዳሶ ዴ ፓን» አሉ ኩባዊው ዶክተር ራሚሮ፣ ነርሱን አብዱባን በአገጫቸው እያመለከቱ። ከዚያ መሊካን ጠበቁ።

ቁራሽ ዳቦ ማለታቸው ነው። በእሳቸው አገር ደግ ሰው እንዲህ ይባላል። መሊካ ከጦርነቱ በኋላ በልጅነቷ ኩባ ተልካ ስትማር ስንቴ ሰምታዋለች። ተመልሳ የነገሌ ሆስፒታል አስተርጓሚ ከሆነች ወዲህ የዶክተሩን ስፓኒሽ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ስትመልስ ቆይታለች። ዛሬ የተፈለገው ግን እንግሊዝኛ ነው። ከዶሎ የመጣችው ፈረንጅ ለስደት ተመላሾች ክሊኒክ ነርስ ትፈልጋለች፤ የምትሰማው ካረካት አብዱባን ዛሬውኑ በመኪናዋ ይዛው ትሄዳለች።

ቃል በቃል ብትተረጉመው ውሸት አይሆንባትም። «ቁራሽ ዳቦ ነው» ብትል ፈረንጇ ትስቃለች፣ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያልፋል፣ አብዱባም ይቀራል። ነገም እንደ ወትሮው በሩ ላይ «አካም፣ ናጋ?» ይላታል። ያቺ ሰላምታ ቀርታባት እንዴት እንደምትውል አላወቀችም።

አብዱባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የነርስነት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር የምትለው አያመልጠውም። ይህን ሥራ ምን ያህል እንደሚመኘው ታውቃለች። እጆቹን ጋዎኑ ኪስ ከትቶ ወለሉን ያያል።

«እንደሱ ያለ ደግ ሰው በቀላሉ አይገኝም» አለች በእንግሊዝኛ።

ዶክተሩ ቀጠሉ። እጁ ወርቅ ነው ሲሉ፣ በሥራው እንከን አይወጣለትም አለች። ሌላም ሌላም አሉ፤ ሁሉንም ለፈረንጇ ጆሮ እንዲጥም አድርጋ መለሰችው። በባለ ሱቋ እናቷ በአሲያ ቤት ሰው ተመስግኖ «ማሻላህ» ካልተባለ ዓይን ይበላዋል፤ ስለዚህ መሊካ አብዱባን አንድ ቀን እንኳ በአፏ አመስግናው አታውቅም። ዛሬ የምታወራው በሰው አፍ ስለሆነ አልፈራችም።

ዶክተሩ ጨረሱ። እሷ ግን ንግግሯን መዝጋት አቃታት።

«ልጅ የሞተባትን እናት» አለች በዚያው በእንግሊዝኛዋ፣ «ቤቷ ድረስ በእግሩ ይሸኛታል።»

ፈረንጇ ተነስታ አብዱባን ጨበጠችው።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ አብዱባ ልብሱን የያዘበትን ከረጢት አንጠልጥሎ ወደ መሊካ መጣ።

«የመጨረሻውን ዶክተሩ አላሉትም» አላት።

«አላሉም።»

«ሱቃችሁ ስሸኛቸው በማልፍበት መንገድ ላይ ነው ለካ።»

አንገቷን ደፋች። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

«ማሻላህ ሳትዪ ነው የላክሽኝ» አላት፤ እየሳቀ ሊሄድ ዞረ፣ ሳቁ ግን እስከ መኪናው አልዘለቀም።

ከንፈሯ የተላቀቀው መኪናው የሆስፒታሉን አጥር ካለፈ በኋላ ነው። ወደ ዶሎ በሚወስደው ቀይ አቧራ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ያቺን ቃል ደጋግማ አለችለት።