የማይወርደው ጠቋሚ

በያጁ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወደ ክሊኒኩ ሲገባ የጥርስ ሐኪሙ ዓይን ቀድሞ ያረፈው አዲሱ ቀለም ላይ ነበር። የሚደበቅ ነገር ከሌለ ሲሊንደር ማን ይቀባል?

«ወንድም ጋሼ፣ ብቻህን ተሸከምከው?» አለች የሐኪሙ ሚስት።

«እንደ ባልሽ ኩርፊያ አይከብድም።»

እሷ ሳቀች። ሐኪሙ አልሳቀም። ከሦስት ዓመት በፊት ይኸው የሚስቱ ወንድም ያመጣለት ጀነሬተር በሁለተኛው ሳምንት ጭስ ተፍቶ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

በተጠባባቂዎች ክፍል አንዱን ግድግዳ የያዘው የሰባት መቶ ሊትር የዓሣ ገንዳ ታሟል። ልጆች ወንበሩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዓሣ ሲቆጥሩ ፍርሃታቸውን የሚረሱበት ገንዳ ነው። አሁን ግን የውሃ ውስጥ ዕፅዋቱ ቢጫ ሆነዋል፣ መስታወቱም አረንጓዴ ለብሷል። የዓሣ ዕቃ ሻጩ መጥቶ አየና ዕፅዋቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተርበዋል አለ። ጋዙን ለማግኘት ስኳርና እርሾ በጠርሙስ ማብላላት ለትንሽ ገንዳ ነው። ለዚህ አሥር ጠርሙስ ቢደረደር እንኳ አይበቃም፣ ክሊኒኩም መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይሸታል። በየቀኑ ውሃው ላይ የሚንጠባጠብ የካርቦን ፈሳሽም ለዚህ ሁሉ ውሃ የትም አይደርስም። የቀረው ሲሊንደር ነው፦ ወይ የሻጩ፣ ወይ የበያጁ።

«የብየዳ ጋዝ?» ብሎ ነበር ሻጩ። «እንግዲያው ዓሦችህን ተሰናበታቸው።»

ሐኪሙ ሻጩንም አላመነውም፤ የራሱን ዕቃ ሊሸጥ ነዋ። ቃሉ ግን ከጆሮው አልወጣም።

«ይህን ከመለስክበት ወንድሜ ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጥም» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ። «ሦስት ዓመት በመሃላችሁ ቆሜያለሁ። ከእንግዲህ አልችልም።»

ሐኪሙ ከመንገዱ ዘወር አለ፣ ሲሊንደሩም ገንዳው አጠገብ ቆመ። በያጁ የግፊት መለኪያውን አሰረ፣ ቱቦውን ዘረጋ፣ አረፋውን በጣቱ እየቆጠረ ቫልቩን አስተካከለ።

«በሰከንድ ሁለት አረፋ፣ ዶክተር። ከዚህ እንዳታሳልፈው።»

ከዚያ በጠመኔ ሲሊንደሩ ሆድ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጻፈና ወደ ሥራው ሄደ። ሐኪሙ ቁጥሮቹን አያቸው፦ 14.2 እና 19.2። የሌላ ደንበኛ ምልክት መሆን አለበት። ስንት ቤት የዞረ ዕቃ ይሆን? ጥጥ በአልኮል ነክሮ ድምጥማጣቸውን አጠፋቸው።

በመጀመሪያው ቀን የመለኪያው ጠቋሚ ስልሳ ላይ ነበር። በአሥረኛው ቀን ስልሳ። በሃያኛውም ስልሳ። ዕፅዋቱ ማገገም ጀምረዋል፤ ሐኪሙ ግን የሚያየው ጠቋሚውን ብቻ ነው። ማከሚያ ክፍሉ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር በተነካ ቁጥር ጠቋሚው ይወርዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያየው ይህንኑ ነው። ይህኛው ለምን አይወርድም? በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። ቀጥሎ በአፍ መመልከቻ መስታወቱ እጀታ። ንቅንቅ አላለም።

«የሞተ መለኪያ ነው ያሰረልኝ» አለ ለራሱ። «እንደ ጀነሬተሩ።»

እሑድ፣ ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ሊያጋልጠው ቆረጠ። ጠቋሚው ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጋዝ ሲወጣ ይወርዳል። ቫልቩን አስፍቶ ከፈተና አረፋው እንደ ክር ሲንቆረቆር አይቶ ለምሳ ወደ ፎቅ ወጣ።

ሲመለስ ጠቋሚው ስልሳ ላይ ነበር። ዓሦቹ ግን ሁሉም ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትልቁ በጎኑ ተኝቷል።

«ብዬሽ ነበር! መርዝ ነው ያመጣልን!»

ሚስቱ ጩኸቱን ሰምታ ወረደች። ስልኩን አንስታ ወንድሟን ጠራችው።

በያጁ እየሮጠ መጣ። ማንንም ሳያናግር አጎንብሶ ቫልቩን ነካ።

«ማነው የከፈተው?»

ሐኪሙ ወደ ገንዳው ቀረበ። «እኔ ነኝ።»

በያጁ ጋዙን ዘጋና ጆግ አቀበለው። «ቅዳና ከላይ አፍስስ፣ አየር ይግባበት። ቶሎ!»

ሁለቱ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ቆመው እጃቸው እስኪዝል ውሃ ቀዱ፣ አፈሰሱ። ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ትልቁ በመጨረሻ ተገላበጠና ቀጥ ብሎ ዋኘ።

«ጠቋሚው አልወርድ ሲለኝ…» ጀመረ ሐኪሙ።

«ይሄ እንደ ኦክስጅንህ አይደለም። ጋዙ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የተኛው። ፈሳሹ እስካለ ጠቋሚው አይወርድም፤ ከወረደ አለቀ ማለት ነው። ስንት እንደቀረ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ባዶውንና ሙሉውን ጽፌልህ የለ?» ሲሊንደሩን አዞረው። «ጽሑፌስ?»

«ጠረግሁት።»

በያጁ የተጠረገውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። «አዎ፣ ንጽሕና ትወዳለህ» አለ።

ሚስትየው ከፎቅ ሚዛን አወረደች። ሲሊንደሩ 18.7 ኪሎ መዘነ።

«እንግዲህ ልውሰደው ወይስ ይቀመጥ?» አለ በያጁ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። እህቱ ባሏን አየችው።

«ይቀመጥ» አለ ሐኪሙ። «ሳምንት ብቅ ብለው ይዩልን።»

በያጁ እንደ ሄደ ሐኪሙ ተንበረከከ። ባዶው 14.2 መሆኑን ማን አየ? እያንዳንዱ ሲሊንደር የባዶ ክብደቱ አንገቱ ሥር ይቀረጽበታል፤ ይህኛውን ቀለም ሸፍኖታል። የጥርስ ቆሻሻ የሚፍቅበትን ብረት አመጣና ቀስ ብሎ ፋቀ። አንድ ወጣ። አራት። ነጥብ። ሁለት።

«ተበልቷል?» አለች ሚስቱ ከደረጃው ላይ፣ እንደ ጥርስ ሲመረምረው አይታ።

«አልተበላም።»

«የፋቅኸውን ሳምንት ሲያየው ምን ልትለው ነው?»

ሐኪሙ ነጭ ፕላስተር ቆረጠና ሁለቱን ቁጥሮች ጻፈበት። በቀጥታ ጭረቱ ላይ ሊለጥፈው እጁን ሰነዘረ፤ ከዚያ ወደ ጎን አድርጎ ለጠፈውና ጭረቱን ለበያጁ ዓይን ተወው።